ውሃው ደጃፍ ሳይደርስ



የምናገረው በእንጨት በርና በወለል መካከል ስላለች ክፍተት ነው። ጣት የማታስገባ ክፍተት ናት፤ ሐምሌ ሲገባ ግን የቤተሰቡ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ይተከላል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ነፋስ ይዞ ሲወርድ እናት ጆንያ አጥፋ ከበሩ ሥር ትወትፋለች፤ ልጆች ምንጣፍና የእህል ከረጢት ከመሬት ያነሣሉ። ዝናቡ ሲያባራ የገባው ውሃ በመጥረጊያ ይወጣል፣ ጆንያው ይጨመቃል። በሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና አልዘጋ ይላል፤ በትከሻ ይገፋል። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ነገሩ ይረሳል። ከጥቂት ክረምት በኋላ የሳንቃው ግርጌ ይጠቁራል፣ በጥፍር ሲጭሩት ይፈረፈራል። ያን ጊዜ አናጺ ይጠራና የበሰበሰው ተቆርጦ ሌላ ቁራጭ ይቀጠላል፣ ወይም ላሜራ ይለበጣል። ምክንያቱ ግን ካለበት አልተነካም፤ ስለዚህ አዲሱም ቁራጭ በተራው ይበሰብሳል።

እኔ እንደማምነው ከበር ሥር የሚገባ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የበሩ ጥፋት አይደለም። ውሃው በሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሊመለስባቸው የሚችሉ ቦታዎች ነበሩ፤ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ግቢው፣ ደፉ። እነዚያን ሁሉ አልፎ ከመጣ በኋላ ነው እኛ በጆንያ የምንታገለው። ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መምህሮቹ እዚሁ ከተማችን ላሊበላ መሀል በዐለት ውስጥ ቆመዋል።

እስቲ እንደ ግንበኛ እናስበው። ቤተ ጊዮርጊስን ለማነጽ የተነሡት ሰዎች ከመሬት ወደ ላይ አልገነቡም፤ ከላይ ወደ ታች ፈለፈሉ። አሥር ሜትር አልፎ የሚወርድ ጉድጓድ በዐለት ውስጥ ቆርጠው፣ መሀሉ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን አስቀሩ። በሮቹም ያሉት በዚያ ጉድጓድ ወለል አጠገብ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በሚዘንብበት አገር እንዲህ ያለ ጉድጓድ ምን ይሆናል? ኩሬ ይሆናል። መውጫ ካልተበጀለት አንድ ብርቱ ዝናብ ግቢውን ይሞላውና በሩን አልፎ ቅድስቱ ድረስ ይገባል። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ስለ መስኮቱ ጌጥ ከማሰባቸው አስቀድሞ ስለ ውሃው መውጫ ማሰብ ነበረባቸው። መሮው ገና መሬት ሳይነካ ውሃው በየት እንደሚሄድ ካልተወሰነ፣ በመጀመሪያው ክረምት ሥራው ራሱ ይቆም ነበር።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከሕንፃዎቹ ጋር አንድ ላይ ከሚታዩት ነገሮች መካከል የፍሳሽ ቦዮቹና በዐለት ውስጥ የተቆረጡት መተላለፊያዎች ይገኙበታል። ጎብኚ ዓይኑ መስቀሉና ዓምዱ ላይ ይቀራል፤ ይህ አያስወቅሰውም። የእኛ ግንበኞች ግን ወደ ታች እንዲመለከቱ እፈልጋለሁ። የቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ወለል ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ዝቅ ያለ ነው። ሕንፃው ከመሬት በቀጥታ አልተነሣም፤ ደረጃ ደረጃ በሆነ የዐለት መሠረት ላይ ቆሟል። ወደ በሩ የሚገባ ሰው ወደ ላይ ይረግጣል። ውሃ ደግሞ ደረጃ አይወጣም።

አሁን ቀና በሉና ጣሪያውን ተመልከቱ። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ከግድግዳው ወጣ ያሉ የድንጋይ ማፍሰሻዎች አሉ። የጣሪያው ውሃ ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ አርቀው ይጥሉታል። ግድግዳውን የሚዞረው ወጣ ያለ መቀነትም አለ። ብዙ ሰው ጌጥ ነው ይላል፤ ጌጥነቱን አልክድም፤ ግን በግድግዳ ላይ ተንሸራትቶ የሚወርድ ውሃ ወጣ ያለ ጠርዝ ሲያገኝ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ እስከ መስኮትና በር አይወርድም። ከጣሪያው እስከ ወለሉ ድረስ ውሃው አንድ ጊዜም ለብቻው አልተተወም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለበር ትምህርት የምትሆነን ቤተ ማርያም ናት። በሦስቱ በሮቿ ፊት ወጣ ያሉ በረንዳዎች አሏት። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ላለን ለእኛ በረንዳ መጨመር ቀላል ነው፤ ቤት ካለቀ በኋላም ሁለት ምሰሶ ተክለን እንሠራዋለን። ዐለት ለሚፈለፍል ሰው ግን በረንዳ የሚጨመር ነገር አይደለም። ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ በሩ ገና ሳይታይ፣ «እዚህ ጋ አልቆርጥም፣ ይህ ድንጋይ ለበሩ ይቀራል» ብሎ መወሰን አለበት። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ቤተ ማርያምን ያነጸው ሰው በሩን ከዝናብ መከለል ከሥራው መጀመሪያ ጀምሮ በልቡ ነበረ። ቤተ መድኃኔ ዓለምም ርዝመቱ 33 ሜትር ያለፈ ታላቅ ሕንፃ ሆኖ ዙሪያውን በውጭ ዓምዶች ተከቧል፤ ጣሪያው እስከ ዓምዶቹ ወጥቶ ግድግዳውንና በሮቹን ይጋርዳል። እነዚህን ሳይ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። በዐለት እንዲህ ያሰቡ አባቶች ልጆች ሆነን፣ በሚስማርና በቆርቆሮ የምንሠራው እኛ በሩን ለምን ራቁቱን እንተወዋለን?

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄዳችሁ አላችሁ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እንደሚቀድም ይታመናል። አሠራሩም የአክሱም ነው፤ እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነባበረበት። እዚህ ከተማ ውስጥ በዐለት ተቀርጾ የምናየው መቃንና ጉበን፣ በማዕዘኑ ላይ ብቅ ያለው አራት ማዕዘን የእንጨት ጫፍ፣ እዚያ በእውነተኛ እንጨት ይታያል። እንጨት ሆኖ መቶ ዓመት በመቶ ዓመት ላይ ተደራርቦበት መቆሙ ብዙዎችን ያስደንቃል። እንጨቱ ጠንካራ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከላዩ ነው፤ ዋሻው። ዝናብ በቀጥታ አይመታውም፣ ፀሐይም አያሰነጥቀውም። ያ ዋሻ የመጨረሻው ትልቅ የቤት ክፈፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንጨት ቢርስም ቶሎ ከደረቀ ይኖራል፤ የሚገድለው ርጥበቱ ውስጡ ሲቀመጥ ነው። የእንጨቱ ርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ሃያ በመቶ በታች ከተጠበቀ አብዛኛው አበስባሽ ፈንገስ አይነሣበትም። ከዚያ እያለፈ ሳምንታት ከቆየ ግን ጽድም ይሁን ባሕር ዛፍ፣ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ ለዛሬው ቀለም ቀቢ ጠቃሚ ነው ብዬ ስለማስብ። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ውጫዊ ገጽ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ ሬንጅ መሰል ልባስና ቀለም ተቀብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው የጥገና ሥራ ያን ልባስ አነሣ። ድንጋያችን ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። ላዩ ሲታፈን ከስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። በበር ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። የፊት ገጹ ሁለት ሦስት ጊዜ ወፍራም ቀለም ተቀብቶ የታችኛው ጠርዙ ባዶ የቀረ በር፣ ውሃውን ከታች ይጠጣና በፊት ገጹ እንዳይተነፍስ ይሆናል። ቀለሙ ፊኛ ሠርቶ የሚላጠው ለዚህ ነው።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአራት ቦታዎች በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የቆሙትን ትልልቅ መጠለያዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ስለ ክብደታቸውና ስለ መልካቸው ብዙ ተብሏል፤ ስጋቱም የራሳችን ስጋት ነው። ዛሬ በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ ሰፊ ጣሪያ ሰፊ ውሃ ይሰበስባል። ከላይ የተጠበቀ ሕንፃ፣ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ መሄጃ ካልተበጀለት፣ ከጎን ይጠቃል። ይህ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቤታችን ያመጣናል።

የላስታ ቤት እንዴት እንደነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ክብ የድንጋይ ቤት፣ ሁለት ፎቅ፣ ክዳኑ ሣር። ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ። ወደ ላይኛው ቤት የሚወጣው በውጭ የድንጋይ ደረጃ ነው። ሰዎቹ የሚኖሩበት ክፍል በር ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ በደጅ የሚሄድ ጎርፍ አይደርስበትም። የሣሩም ክዳን ወፍራም ጠርዙ ከግድግዳው ወጥቶ ይወርዳል፤ ውሃውንም ዙሪያውን እየበታተነ ይጥለዋል እንጂ በአንድ መስመር አያፈስሰውም። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ዛሬም አሉ። ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወሩ፣ በአዲሱ ሠፈር የተሠራው ግን አራት ማዕዘን ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከመሬት እኩል የሆነ ሊሾ ወለል ነው። ቆርቆሮ በረከት ነው፤ እሳት አይፈራም፣ በየጥቂት ዓመቱ ክዳን ቀይሩኝ አይልም። ሆኖም ከሣሩ ጋር አብረን የጣልነው ነገር አለ። ክፈፉን አሳጠርነው።

ከዚያ አጭር ክፈፍ ምን ያህል ውሃ እንደሚወርድ እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው ስምንት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ ቤት 48 ካሬ ሜትር አለው። አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በጣሪያው ላይ 960 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ጣሪያው ባለሁለት ክንፍ ከሆነ ግማሹ፣ 480 ሊትር፣ በሩ ባለበት ጎን ይወርዳል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 24 ጀሪካን ነው። ያን ሁሉ ውሃ ከሁለት ሜትር ከፍታ ከበሩ አንድ ክንድ ርቆ በጠንካራ መሬት ላይ እያፈሰስን፣ በሩ ለምን በሰበሰ ብለን አናጺውን እንወቅሳለን። ጠብታው ሊሾው ላይ ሲመታ ተመልሶ ይረጫል፤ የሳንቃው የታችኛው ሁለት ስንዝር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ አሸንዳ ነው። ከላሜራ የተጠቀለለ፣ ወደ አንድ ጎን በትንሹ ያዘነበለ፣ ከበሩ ርቆ በቱቦ የሚወርድ አሸንዳ። ሁሉም ጎን ባይቻል በሩ ያለበት ጎን ብቻ ይታሰር። ከሥሩ በርሜል ይቀመጥ። በጋ ላይ ውሃ ፍለጋ የሚደክም ሰው እነዚያን 24 ጀሪካኖች ከደጁ ሊያባርራቸው አይገባም። አሸንዳ መግዛት ያልቻለ ደግሞ በበሩ ራስ ላይ ብቻ ስድሳ ሰባ ሴንቲ ሜትር የምትወጣ ቆርቆሮ በሁለት ደጋፊ ያቁም። ቤተ ማርያም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ከጣሪያ ወደ መሬት እንውረድ። የቤት ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከደጃፉ ፊት ያለው መሬት ወደ ውጭ ያዘንብል፤ አፈር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሜትሮች በአንድ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር፣ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ከሆነ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ይህን በዓይን አትገምቱት። ውሃ ልክ ከሌላችሁ አንድ ባልዲ ውሃ ደጃፉ ላይ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ እዩ።

እዚህ ላይ በከተማችን እየባሰ የመጣ ችግር አለ። ቤቱ ሲሠራ ከመንገዱ ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ መንገዱ ጠጠር ተደፋበት፣ ቀጥሎ ኮብልስቶን ተነጠፈበት። መንገድ መሠራቱ መልካም ነው። ነገር ግን በየጊዜው የበፊቱ ሳይነሣ በላዩ ሲጨመር መንገዱ ከወለላችን በላይ ይሆንና ጎርፉ ወደ ቤት መውረድ ይጀምራል። ይህን የቤቱ ባለቤት ብቻውን ሊፈታው አይችልም። መንገድ የሚያሠሩ ኃላፊዎች ከፍታውን ሲወስኑ የመንገዱን ዳር ቤቶች ደፍ እየለኩ እንዲሆን እለምናለሁ። ቦዩም የመጨረሻ ሥራ ሆኖ በተረፈ ገንዘብ የሚሠራ ሳይሆን ከመንገዱ በፊት የሚቆፈር ይሁን። አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈሉትም አስቀድመው ማሰብ የነበረባቸው ስለ ውሃው መውጫ ነበር።

አሁን ወደ ደፉ። ብዙ ቤት ደፍ የለውም፤ ወይም አለው፣ ግን ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ደፍ ላይ ያረፈ ውሃ መሄጃውን ስለማያውቅ ነፋስ ወደገፋው ይሄዳል። ደፉ ላዩ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ስምንት ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ደፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል። የፊት ጠርዙም ከግድግዳው ወይም ከደረጃው ገጽ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ከወጣው ጠርዝ ሥር፣ ወደ ጫፉ ቀረብ ብሎ፣ የጣት ስፋት ያላት ጎድጎድ ትፈልፈል። ይህች ጎድጎድ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ብዙዎች «ለምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። ውሃ በጠርዝ ሥር ተለጥፎ ወደ ኋላ የመሄድ ባሕርይ አለው። ጎድጎዷ ጋ ሲደርስ ግን መሻገር አቅቶት ጠብ ይላል። እሷ ከሌለች ውሃው በደፉ ሆድ እየተሳበ መሠረቱ ውስጥ ይገባል።

ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ወገኖቻችን ከፍ ያለ ደፍ ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ቤት ደፉ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ በምትኩ ከደጃፉ ፊት በብረት ፍርግርግ የተከደነ ቦይ በግድግዳው ትይዩ ቢቆፈር ሥራውን ይሠራል። ፍርግርጉ ተነሥቶ የሚጸዳ ይሁን፤ በአንድ ክረምት ቅጠልና አሸዋ ይሞላዋልና።

ስለ መዝጊያው ደግሞ ከአናጺዎቹ ጋር ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው።

የእኛ በር ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ወደ ውስጥ በሚከፈት በር ላይ ፊቱን የመታው ውሃ ሁሉ ሳንቃውን ተከትሎ ይወርድና በቀጥታ በመዝጊያውና በደፉ መካከል ይገባል። ስለዚህ በመዝጊያው ግርጌ፣ ከውጭ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ተዳፋት የሆነ ጣውላ ይመታ። ላዩ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ ሥሩ እንደ ደፉ ጎድጎድ ያለው፣ ውሃውን ከደፉ ጠርዝ ወዲያ አርቆ የሚጥል ይሁን። ይህ ጣውላ መቃኑ ጋ ሲደርስ ክፍተት እንዳይተው ጫፎቹ በልክ ይቆረጡ። በሚስማር ብቻ ከተመታ ፀሐይ ታላቅቀዋለች፤ በብሎን ይታሰር፤ ከሳንቃው ጋር በሚገናኝበት ላይ ውሃ እንዳይገባ ሲሊኮን ወይም ማጣበቂያ ይግባበት።

ነፋስ በርትቶ በሚመታበት ጎን ያለ በር ከሆነ አንድ እርምጃ መጨመር ይቻላል። በደፉ ላይ በርዝመቱ ጠባብ ቦይ ቆርጣችሁ ዝገት የማይበላው የብረት ዘንግ ቁሙን ትከሉበት፤ ከደፉ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቅ ይበል። ከዚያ የመዝጊያው ግርጌ ከውጭ በኩል በዚያው ልክ ይፈልፈል። በሩ ሲዘጋ የውጩ ከንፈር ከብረቱ በላይ ያልፋል፤ የውስጡ ክፍል ከብረቱ ኋላ ይቆማል። ነፋስ የገፋው ውሃ ከንፈሩን አልፎ ቢገባም ብረቱን ሲመታ ተመልሶ በተዳፋቱ ይወጣል። ፍልፈሉ በተቃራኒው፣ ከውስጥ በኩል፣ ከተሠራ ግን በሩ ከናካቴው አይዘጋም። ሳትቆርጡ በፊት በሩን ከፍታችሁ ዝጉና በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት።

በመዝጊያውና በደፉ መካከል ምን ያህል ክፍተት ይተው? አንዳንዱ አናጺ ውሃ እንዳይገባ ብሎ ምላጭ የማያስገባ ያደርገዋል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። እንጨት በክረምት ያብጣል፤ በሩ ይጣበቃል፣ ባለቤቱም መላጊያ አምጥቶ ይልገዋል፣ በጋ ላይ ደግሞ ሰፍቶ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ውሃ በጣም ጠባብ በሆነ ክፍተት ውስጥ፣ ጋዝ በፋኖስ ክር እንደሚወጣው፣ ወደ ላይም ወደ ውስጥም ይሳባል። ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት፣ ከፊቱ ያ ተዳፋት ጣውላ ካለው፣ ከጠባቡ ይልቅ ደረቅ ነው። ክፍተቱን የሚዘጋው ጎማ ወይም ብሩሽ ከውስጥ በኩል ይምጣ፤ እሱም ነፋስና አቧራ ለመከላከል እንጂ ጎርፍ ለመመለስ አይደለም። ከውጭ በኩል የተመታ የጎማ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ውሃውን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ ያስቀምጠዋል፤ ያን ያደረጋችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ገልጣችሁ እዩት።

የሳንቃው የታች ጫፍስ? ሳንቃ ቁሙን ሲቆም የጭረቱ አፍ ወደ ታች ይሆናል፤ እንጨት ደግሞ በጎኑ ከሚጠጣው ውሃ ይልቅ በጫፉ የሚጠጣው እጅግ ይበዛል። እዚያ ላይ ነው ቀለም የማይደርሰው፤ በሩ ከተሰቀለ በኋላ ብሩሽ አይገባምና። በሩ ከመሰቀሉ በፊት ተጋድሞ ጫፉ ይቀባ። የተፈላ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፤ ጫፉ እስኪጠግብ ሁለት ሦስት ጊዜ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ እየጋለ ሄዶ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ። ያን አልመክርም፤ ቀለም በላዩ አይዝም፣ እጅና ልብስ ያበላሻል፣ የሚመርዝም ነገር ነው።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጽድና ወይራ ርጥበትን በመቋቋም ይመሰገናሉ፤ የአባቶች በር ከእነሱ ነበር። ዛሬ ግን ጽድና ወይራ በላስታ በብዛት የምናየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ኮረብታ ተራቁቷል። ለዚህ ነው ይህ ጉዳይ የሚያንገበግበኝ። ሠላሳ ዓመት መኖር የሚችል በር በአምስት ዓመት ሲበሰብስ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየአምስት ዓመቱ አንድ ዛፍ እየቆረጥን ነው። የምንቆርጠውም በጥድፊያ የበቀለውን ባሕር ዛፍ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ስንጥቁም ለውሃው አዲስ መንገድ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ለበር አይሁን አልልም። ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በመካከሉ ስንጥር ገብቶለት፣ ወራት ወስዶ ይድረቅ እላለሁ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ብረት በር መዞሩንም አያለሁ። የብረቱም በር ደፉ ካልተስተካከለ ከግርጌው ይዝጋል፤ ውሃው እንደሆነ ለእንጨትም ለብረትም አያዳላም።

ወጣቶች፣ ለእናንተ አንድ ሥራ አለኝ። ዝናብ ሲዘንብ ተጠልላችሁ አትቀመጡ። ጃንጥላ ይዛችሁ ወጥታችሁ አንድ በር ምረጡና ውሃው ከጣሪያው ተነሥቶ በየት በየት እንደሚመጣ ተከተሉት። ከክፈፉ የሚወርደው ነው? ከመሬት የሚረጨው ነው? ከመንገድ የሚጎርፈው ነው? ወይስ ነፋስ ፊቱን እየመታው ነው? አራቱ አራት የተለያየ ሥራ ይጠይቃሉ፤ በደረቅ ቀን ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት የበሰበሰ ግርጌ ነው የሚያሳዩት። ዝናቡን ሳያይ በር የሚጠግን አናጺ በግምት ነው የሚሠራው።

በመጨረሻ ስለ ጎረቤት ላንሣ፤ ከተማችን ተዳፋት ላይ ናትና። ከእኔ ደጅ አርቄ የላክሁት ውሃ ከእኔ በታች ወዳለው ሰው ደጅ ይወርዳል። አንዱ ቦይ ቆፍሮ ደጁን ሲያደርቅ የታችኛው ቤት በእጥፍ ይጥለቀለቃል፤ ከዚያ የታችኛው ድንጋይ ይደረድራል፣ ውሃው ወደ ጎን ይዞራል፣ ጠብም ይነሣል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያሉት ቦዮች አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው ውሃውን ወደ ታች እየተቀባበሉ ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱ ግቢ ለብቻው አልታሰበም። በየሠፈራችንም እንዲሁ ይሁን። እድር አለን፣ ማኅበር አለን፤ ሰው ሲሞትብን ድንኳን ለመትከል በአንድ ሰዓት እንሰበሰባለን። በግንቦት መጨረሻ፣ የሰኔ ዝናብ ሳይከብድ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ዶማ ይዘን እንውጣ። ሥራው ሲጀመር ከላይኛው ቤት አይጀመር። ላይኛውን ቀድመን ከከፈትነው፣ በዚያው ከሰዓት የሚዘንበው ውሃ ገና ባልተከፈተው በታችኛው ሰው በር ይገባል። ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ ከመጨረሻው ቤት ደጅ እንጀምርና ቦዩን እየጠረግን ወደ ላይ እንውጣ።

 አናጺዎች መሮና መላጊያችሁን ይዛችሁ መጥታችኋል፤ ጥያቄ ካለ እንስማና የደፉን አቆራረጥ እዚሁ በእንጨት ላይ አብረን እንሠራዋለን።